የባንኩ ላብ

በዚህ ከተማ ላይ ጤዛ አይታወቅም፤
ሌሊቱ ይሞቃል፣ ግድግዳው አይበርድም።
ገና ወፍ ሳይንጫጫ ቆርቆሮው ይግላል፤
ደቻቱ አሸዋውን ታቅፎ ይተኛል።
እኔ ግን መስኮት ላይ ጤዛ አለኝ በጣሳ፣
ቀትር ሲነድበት ይብስ የሚነሣ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
ፍሪጅ ጠግኜለት ሂሳብ ስንተሳሰብ፣
ሦስት መቶ ጎደለው ኬሚስቱ ረጀብ።
ሲሚንቶውን ትቶ አዋሽ ሊዛወር
ጓዙን ሸክፎ ነበር።
«ቀሪውን በዚች ያዝ» አለኝ አቀርቅሮ፣
ከመስኮቱ አውርዶ የቲማቲም ቆርቆሮ።

ቅጠሏ ቀይ ፀጉር አለው፤ በየፀጉሩ ጫፍ
አንድ አንድ ጠብታ፣ ቢነፍስም የማይረግፍ።
በጣቴ ነካሁት፤ ተከተለኝ እንደ ማር፣
ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ ቀጥኖ፣ እንደ ሸረሪት ክር።

«የቧንቧ እንዳትሰጣት፤ ኖራው ይፈጃታል፤
ከሰማይ የወረደ ብቻ ይስማማታል።»
ሰው አይሰማም፤ እኔም አጠጣኋት የቧንቧ፤
ከሥሯ የበቀሉ ሁለት ልጆቿ ሞቱ፣
የእሷም ጎበጠ ወገቧ።

ሰማይ ደግሞ በድሬ ሲሰጥ በጎርፍ ነው፣
ሲነፍግ በዓመት ነው።
እኔ ግን በሥራዬ ሌላ ዝናብ አውቃለሁ፦
ከዚራ፣ ከባንኩ ጀርባ፣ ከግድግዳው ሥር፣
ኤሲው ቀኑን ሙሉ ጠብ ሲል ሰምቻለሁ።
ጀሪካን ደቀንሁ። ዘበኛው አብዶሽ ሳቀ፦
«ሰው ከባንክ ብር ያወጣል፣ አንተ ላቡን ትቀዳለህ!»
አሳሳቁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልራቀ።

እሷ ግን ያን ላብ ጠጥታ ቀና አለች።

አንድ ከሰዓት፣ ሰፈሩ በምርቃና ጸጥ ሲል፣
ከማንጎው ልጣጭ፣ ከገረባው ክምር
አንዲት ዝንብ ተነሥታ መጣች። ጠምቷት መሰለኝ፤
ያን ሁሉ ጠብታ ሳይ እኔንም ጠማኝ።
አረፈች።
አንዱን እግሯን ስታነሣ ሌላው ይያዛል።
ቅጠሉ አይቸኩልም፤
እንቅልፍ እንደወሰደው ሕፃን ጣት ቀስ ብሎ ይታጠፋል፤
የመግሪብ አዛን ሲል ግማሽ፣
የሱብሒ ሲል ጭብጥ ያለ እጅ ሆነ።
ላስጥላት ጣቴን ሰድጄ ነበር፤ መለስኩት።
ለምን እንደሆነ አላውቅም።
ያን ቀን እራቴን አልበላሁም።

እኔም ከጎሬ፣ ጤዛ ሱሪ ከሚያርስበት አገር፣
የበረዶ ፋብሪካውን ሞተር ልጠግን
ለአሥራ አምስት ቀን ነበር የመጣሁት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።
አንዱን እግሬን ሳነሣ —
ተወው።

ጎረቤቴ ሂቦ ግን ነገሩን ስትሰማ
«ሥጋ የሚበላ ቅጠል! አዑዙ ቢላሂ!» ብላ
ልጇን ኢድሪስን ከደጄ ከለከለች፤
በመስኮቴ ስታልፍም ሻሿን አፏ ላይ ጥላ
እርምጃዋን ታፈጥናለች።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ባንኩ ማላብ ተወ።
አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ጀሪካኔ ነጠፈ፤
ጄኔሬተሩም ለኮምፒውተር እንጂ
ለኤሲ አልተረፈ።
በአራተኛው ቀን ጤዛዋ የለም፤
ፀጉሯ ብቻ ቀረ፣
ቀለም ደርቆበት እንደተጣለ ብሩሽ።
ስንቱን ፍሪጅ ያስነሣሁ ሰው
ጣሳ ታቅፌ ጨለማ ውስጥ ተቀመጥሁ።

በሩ ተንኳኳ። ሂቦ ነች፤
በአንድ እጇ የስልክ መብራት፣ በአንድ እጇ ሃይላንድ፣
የወንድሟ ባጃጅ ባትሪው ሲጎድል
የሚጨመርለት የተጣራ ውኃ።
«አሲዱ እንዳይመስልህ፤ ቀምሼዋለሁ» አለች፣
ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።
ልትሄድ ነው ስል ቆመች።
«ለመሆኑ፣ ሰሞኑን የቀመሰችው ነገር አለ?»

ከቀሚሷ ኋላ ኢድሪስ
የክብሪት ሳጥን ጆሮው ላይ ደግኖ
ውስጡ የሚንጫረረውን ያዳምጣል።