ትከሻ፣ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ

«ጭነትህ ጎድሏል» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ፣ «በሳምንት ስድስት ክፍለ ጊዜ።»
ሃያ ሦስት ዓመት ጂኦግራፊ ነኝ፤ ካርታና ጠመኔ ጓዜ።
«እንግዲያው ውዝዋዜን ያዝልን፤ አዲስ ትምህርት ነው፣ መጽሐፉም አልታተመም፤
ሰው እስኪቀጠር ነው።» የሚቀጠረው ሰው እስከ ዛሬ ደሴ አልደረሰም።

እኔ!
በእህቴ ሠርግ እንኳ ወንበር ጠብቄ የቀረሁ፣
«ተነሥ» ሲሉኝ አጎንብሼ የጫማ ክር የማሥር፣
በጭብጨባ ያመለጥሁ።

ሰኞ ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሲልስ፣
ስድሳ ሁለት ልጅ እጁን በብብቱ ይዞ ነጭ እንፋሎት ሲተነፍስ፣
«ትከሻ» ብዬ ጻፍሁ ሰሌዳው ላይ፣ በትልቁ፣ በጠመኔ፤
ከሥሩ አሰመርሁ። ሌላ ምን ላድርግ እኔ?

«ተራራም ትከሻ አለው» አልሁ፣ ወደማውቀው ልጠጋ ስል፤
«ጦሳን እዩት፤ ዝናብ ሲከብደው ጣል ያደርገዋል ቁልቁል።»
ሳቁብኝ። መቶ ሃያ አራት ትከሻ በሳቅ ተርገፈገፈ፤
«ያ ነው! ያንን ያዙት!» ብዬ ጮህሁ፤
የመጀመሪያው ትምህርት እንዲያ አለፈ።

ከሥራችን ሒሳብ ነበር። መምህርት አልጋነሽ በረጅሙ ማስመሪያ
ጣሪያዋን ትደልቃለች፦ «ትምህርት ቤት ነው ወይስ ሰኞ ገበያ!»
ምቷ ግን፣ ሐቁን ለመናገር፣
ከኔ ጭብጨባ ይሻል ነበር።

ቀስ በቀስ እነሱ አስተማሩኝ። ባዶ ካርታ ዘረጋሁ፤ ሞሉት፦
የባቲውን እግር ባቲ ላይ፣ የራያውን ዝላይ ሰሜን ላይ አኖሩት።
የወረባቦው ልጅ አንገቱን ሰብቆ «ይሄስ የት ይጻፍ?» አለኝ፤
ምጣኔ የሌለው ካርታ፣ ሃያ ሦስት ዓመት ያልታየኝ።

ሉባባ እብሬ ግን፣
በጽሑፍ ፈተና ሠላሳ ከሠላሳ። ስሟ ሲጠራ ወጥታ ትቆማለች፤
ትከሻዋ የተቀረቀረ በር ነው፤ ጫማዋን እያየች ትመለሳለች።
መመዘኛው ይላል፦ «ሁለቱ ትከሻ እኩል ይነቃነቃሉ፤ ዐሥር ነጥብ።»
ባዶ ተውሁት። እጄ አልታዘዝ አለኝ ዜሮ ለመክተብ።

ሐሙስ አባቷ መጣ፤ የመናኸሪያ ተሸካሚ፣ ሰማያዊ ጋዋን፣ ቁጥር አርባ ሰባት።
«እኔ ኩንታል የተሸከምሁት» አለኝ በሩ ላይ ቆሞ፣
«ይቺ እንድትማር ነው፤ ጭፈራውን ለሠርግ ተዉት።
ለመሆኑ፣ መምህር፣ ትከሻ ምን ሊሠራ ተፈጠረ?»
መልሱ መምሪያው ውስጥ የለም። ሌላ ጥያቄ ከአፌ በረረ፦
«ኩንታሉን እንዴት ታወርደዋለህ?»
«አይወርድም» አለ፤ «ይሸኛል። ታየዋለህ?»

ጉልበቱን ሰበረ። አንገቱን ሰጠ። ግራው ሾለከ፣ ቀኙ ወደኋላ ተመለሰ፤
«እህ!» ብሎ፣ ከደረቱ ሥር፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፤
የሌለ ጆንያ፣ ከነአቧራው፣ ወለሉ ላይ በቀስታ ደረሰ።

ክፍሉ ጭጭ።
አልጋነሽ እንኳ ከታች ዝም።

ከሦስተኛው ረድፍ ሉባባ ተነሣች፤ ማንም ስሟን አልጠራ።
አባቷ አጠገብ ቆማ ጉልበቷን ሰበረች፤ ቀኝ፣ ግራ፣
«እህ!» ደግሞ «እህ!» አንዱን ኩንታል ባንዱ ላይ እየሸኘች፤
ማታ ማታ በራፍ ላይ ያየችውን ሁሉ ከላይዋ እያራገፈች።

«ይሄ ጭፈራ ነው?» አለ እብሬ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።
«እንጃ» አልሁት፤ «እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ።»
«የኮምቦልቻ መኪና ገብቷል» አለና ሄደ ቸኩሎ።

በመስኮት አየሁት፣ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ጭጋጉ ሳይውጠው፤
ባዶ ትከሻው አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ነቅነቅ አለ።
ብርድ ይሆናል።
ለሱ የሚሆን ረድፍ ሮስተሩ ላይ የለም፤
ጥጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ «አርባ ሰባት» ብዬ ጻፍሁ።
ከሥር አልጋነሽ ማስመሪያዋን አነሣች።