ሚስማሩን እርገጥ

ዶሮ ማነቂያ፣ ከሥጋ ቤት ጀርባ፣
ፉአድ ጌም ቤት ነበረው፣ ሲዘንብ የሚያነባ፤
ግማሽ ሰዓት ሃያ ብር፣ ጆይስቲኩ በፕላስተር የታሰረ፣
ተራ ጠባቂው ሁሉ መካሪ የነበረ።

ጨዋታው ይኸው ነው፦
ቀን ከተማው ያንተ፣ በየግንቡ ውጣ፣
ሲመሽ ግን ወዮልህ፣ በድን ከጉድባ ሲመጣ።
መሬት አትንካ። ዝለል። ጠርዙን በጣትህ ያዝ፤
ጨርቅ ለቅመህ ቁስል እሰር፣ ከዱላህ ጫፍ ሽቦ ጠምዝዝ።
ጥግ ላይ አረንጓዴ መስመር አለች፣ እያት፤
ባጠረች ቁጥር እወቅ፣ ቀሪ ዕድሜህ እሷ ናት።

እኔ አንድ ጣሪያ ላይ ዘጠኝ ጊዜ ሞትኩ።
ዘልዬ ሳርፍበት ቆርቆሮው ይከዳኛል፣
ቁልቁል እሰጥማለሁ፣ ከሥር ያሉት ይበሉኛል፣
ሰባቱ መካሪ ደግሞ ከኋላ ይስቅብኛል።

መሰላል ተሸክሞ፣
ጋሽ ዘርጋው በር ላይ ቆሞ፣
ሊደፍን የመጣውን ቀዳዳ ረስቶ፣
ሬንጅ ያጠቆረው ጣቱን ወደ ቲቪው ዘርግቶ፣
«አንተ ልጅ፣ ሚስማሩን እርገጥ!» አለኝ ተቆጥቶ።

ሳቅን። የሰፈራችን እናቶች በሙሉ
«ሚስማር እንዳትረግጡ!» ነው ዘወትር የሚሉ።

«ሚስማር ከተመታበት ሥር ማገር አለ» አለ፣
«በሚስማርና ሚስማር መሐል፣ አየር ነው የተከለለ።
አርባ ዓመት ስወጣ አንዴ ነው የወደቅኩት፣
እሱንም፣ ሰው ጠርቶኝ ዞሬ ‹አቤት› ያልኩ ዕለት።»

ሞከርኩት። አልሠራም። አሥረኛዬን ሞትኩ።
«ይህን የሠራው ሰው» አለ፣ «ቆርቆሮ መትቶ አያውቅ።»

ያኔ መብራት ድርግም አለ።
ፉአድ በስልክ ብርሃን ሂሳቡን ቀጠለ።
ጋሽ ዘርጋው ግን ወጣ፤ «መሰላሉን ያዝልኝ»፤
ያዝኩለት፤ ከዚያማ እግሬ ሳይጠይቅ ወሰደኝ።

ፒያሳ ከላይ ሌላ ናት።
ዝገት በዝገት ተደግፎ፣
ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና አሮጌ ጎማ አቅፎ፣
አንድ እግር ጫማ፣ ድመት ከነልጆቿ፣
ዲሾች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ
ስብከት እንደሚሰማ ሰው አንገታቸውን ሰበር አድርገው፤
ወዲያ የጊዮርጊስ ጉልላት፣ ወዲህ የማዘጋጃው ሰዓት፤
እዚህ ግን ከጥጉ መስመር የለም፣
ነፍሴ ምን ያህል እንደቀረች የሚነግረኝ።

አንዱን ሚስማር ረገጥኩ። ሌላውን።
ከሥሬ አንዲት ሴት «ማነው እዚያ?» ስትል
«አቤት» ልል አፌን ከፍቼ
ዋጥኩት።

አሁን እዚያ ሰፊ መንገድ አለ፣
አበባ፣ ከላይ እስከ ታች የሚያበራ ምሰሶ።
ፉአድ ሃያት ገባ ይላሉ፤ የጋሽ ዘርጋውን አልሰማሁ።
ማታ ሳልፍ እግሬ ቀጥ ብሎ አይሄድም፤
አንድ እርምጃ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ እንደገና አንድ፣
አየሩን እየዘለለ።

ጥበቃው ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ምን ጠፋህ?» አለኝ።
«ሚስማር።»
ባትሪውን አበራና
አብሮኝ ይፈልግ ጀመር።