ንጉሡ ሠ

ከፍራንኮ ከፍ ብሎ፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፣
አራት ስክሪን፣ አንድ ጠባብ ሳሎን፣
ዐሥር ብር ለአንድ ጨዋታ።
እዚያ ነው ጣቴ የሰላው፣ ከሥራ መልስ በየማታ፣
የጆይስቲኩ ላስቲክ አልቆ ጥቁሩ እስኪነጣ።
ስንቱን አራት ለባዶ ሸኘሁ፤
አንዱ "መብራቱ ነው" አለ፣ ሌላው "ጆይስቲኩ ነው" አለ፣
"እጇ ነው" ያለ ግን የለ።

የውድድሩ ቀን ስሜን ስሰጥ ለመዝጋቢው
ብዕሩን ከደነና "እህቴ፣ ቦታሽ ወዲያ ነው፣ ከአጨብጫቢው።"
ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ልማድ ነው።
ማታ ጥርሴን ያመመኝ ግን ያ የራሴ ሳቅ ነው።

ስልኬን ከውሃ ኮዳ አስደግፌ
ሁለት ደቂቃ ተናገርኩ፤ አልተሳደብኩም፣ አልተንተባተበም አፌ።
ጨዋታ መሀል ድምፄን ሲሰሙ የሚሉኝን፣
"ጓዳሽ ግቢ" የሚለውን፣ ከዚያም የሚብሰውን፣
አፌ ላይ የማልደግመውን፣
አልኩና ተኛሁ።
ስነቃ ስልኬ ከአልጋ ወርዶ፣ እንደ ጥንዚዛ እያጓራ
ሲሚንቶው ላይ ይሄዳል፣ በገዛ እግሩ፣ ያለ መሪ፣ ያለ ጎራ።

ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት። ከዚያ ወዲያ አልቆጠርኩም።
ፊት የሌለው ስም፣ ስም የሌለው ፊት፣
የአንበሳ ሥዕል፣ የመኪና ሥዕል፤
ሕፃን ልጁን አቅፎ የተነሣውን ለጥፎ
የሚረግመኝም አለ፣ ከሁሉ ከፍቶ።
አንዱ የእናቴን ሱቅ ላከልኝ፣ ሰማያዊውን ቆርቆሮ፣
"ስንት ሰዓት እንደምትዘጉ እናውቃለን" የሚል ጨምሮ።
የባጃጁ ልጅ በመስታወቱ አየኝ። "አንቺ ነሽ አይደል?" አለኝ።
"አይደለሁም" ብዬ መንገድ ላይ ወረድኩ፤ አቧራው መጥቶ አለበሰኝ።
ሶርሳ ከትምህርት ቤት ከንፈሩ አብጦ መጣ፤
"ኳስ ነው" አለ፣ እራቱን ሳይነካ ወጣ።

እናቴ "ስድብ ነፋስ ነው፣ ያልፋል" ትላለች፤
የአዳማ ሴት ሆና፣ እዚህ ተወልዳ፣ ይህን ትላለች!
ጋራው ላይ ነጫጮቹን ክንፎች እያየች፣
ያን ሁሉ ብረት ነፋስ ሲያዞረው፣
አንዲት ራስ ማዞር ሊያቅተው?

ሌሊት ነው፣ መቶ ስንተኛው እንደሆነ እንጃ፣
አንዲት አጭር መስመር፦
"አንቺ ሠው አይደለሽም።"
ከሁሉ የቀለለች ስድብ ነበረች፤ ልለፋት ነበር።
ግን ሠ?
ሰው በንጉሡ ሠ?

ይህን ፊደል አውቀዋለሁ።
ሶርሳ ስድስት ዓመቱ፣ እኔ ዐሥራ ሦስት፤
ደብተሩን ጉልበቴ ላይ ዘርግቶ፣ እርሳሱን ነክሶ፣
"ሰው በየትኛው ነው? በእሳቱ ወይስ በንጉሡ?" ይለኛል አልቅሶ።
እኔም አላውቀውም። ታላቅ ግን "አላውቅም" አይል።
"በንጉሡ ነው" አልኩት፤ "ሰው እኮ ንጉሥ ነው።"
መምህሩ በቀይ ሰረዘበት። እሱ ቀዩን ትቶ እኔን አመነ፤
ይኸው እስከ ዛሬ፣ ሰውን በጻፈ ቁጥር አነገሠ፣
እኔ ላይ እስኪደርስ።

ከመጋረጃው ማዶ ተኝቷል። አልቀሰቀስኩትም።
እናቴንም አልጠራኋትም።
ለዚያ ለአንበሳው ሥዕል አንድ መስመር ጻፍኩ፦
"ሰው በእሳቱ ሰ ነው። ያኔ እኔ ነኝ የተሳሳትኩ።"
ላክሁ።

ከማዶ አንድ ነገር ትር አለ።
መጋረጃው ከውስጥ በራ፤ የጨርቁ አበቦች አንድ በአንድ ታዩ።
"እየጻፈ ነው" አለ ስልኬ።
ጠፋ።
"እየጻፈ ነው።"
ነፋሱ ቆርቆሮውን ይደበድባል።
"እየጻፈ ነው።"
ጠፋ።
ከዚያ የአልጋው ሽቦ ሲጮህ ሰማሁ፣
ባዶ እግርም ሲሚንቶውን ሲነካ።