ቀስ በል

ከኮረብታው አናት ነጫጭ ክንፍ ይዞራል፣
ከታች፣ ከቱፋ ደጅ፣ ብየዳ ያበራል።
አዳማ አቧራዋን ለነፋስ አበድራ
ማታ ትረከባለች ከነወለዱ ቆጥራ።

መኪናዬ ቆማለች በክሪክ ተሰቅላ፣
የሆዷን መከለያ ፈንታሌ ላይ ጥላ።
ያ ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ ሁሉ ስለት፤
ኮፓዬን ቀደደና ጠጣው ያን ሁሉ ዘይት።
ሥራዬ ክትባት ነው፣ ለግመል፣ ለፍየል፤
መቅለጥ የጀመረ በረዶ «ቆይ» አይባል።

ከሆዷ ሥር ገብቼ፣ በጀርባዬ ተኝቼ፣
የቆሰለ ጎኗን በስልክ መብራት አይቼ፣
የዘይት ጠብታ ግንባሬን ሲመታኝ
«እሺ» አልኳት፤
እሷ ግን ምንም አልጠየቀችኝ።

ቱፋ ሁለት ገበታ ከግንቡ አስደገፈ፤
አንዱን በጣቱ ጫፍ ነካ፣ ድምፁ ከነፈ።
አሉሚኒየም ነው፤ የመንገድ ምልክት ነበር፣
ከየት እንደነቀለው ባልጠይቅ ይሻላል፤
ፀሐይ ከላጠችው ቢጫ ቀለም መሃል
ዛሬም
«ቀስ በል» ይላል።

ሌላው ጥቁር ብረት፣ ስድስት ሚሊ ውፍረት፤
ለማንሳት ሁለት ሰው፣ አንድ የወገብ ጸሎት።

«ምረጥ» አለኝ ቱፋ።
በሆዴ ቆጠርኩ፦ ሠላሳ ኪሎ ቢቀል
አንድ ጀሪካን ውሃ፣ አንድ ሣጥን ክትባት ይታከል፤
አሸዋ ሲይዘኝም በአካፋ አልቃጠል።
«ቀላሉን» ልል ስል፣ አፌን ስከፍት ገና፣
ቱፋ መፋቂያውን ከጥርሱ አወጣና፦

«ይሄ ኩሩ ሰው ነው፤ ሕመሙን አይነግርህ፤
‹ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ› እያለ አብሮህ ሄዶ
አንድ ማታ ብቻ ለሁለት ተቀዶ
ታገኘዋለህ።
ብረት አልቃሻ ነው፤ ገና ሲነካ ይጎብጣል፣
ያቃስታል፣ ይንቋቋል፣ ሰፈር ይረብሻል፤
ግን ጎብጦም ቢሆን ቤትህ ያደርስሃል።
ደግሞስ መተሐራ ማን አርጎን ጋዝ ይዞ ይጠብቅህና?
ለብረት ሰው ሞልቷል፣ በር ሠሪ እንኳ ይሰፋዋልና።»

«የበሰቃ ውሃስ?» አልኩት፤ «ጨው ነው፣ ይበላዋል።»
«ይብላው። ዝገት ጨዋ ነው፤ አንኳኩቶ ይገባል።»

ከዚያ ቀና አልኩና ጣሪያዋን አየሁት፦
ፖርቶ መጋላው ሁሉ ብረት፣ ቧንቧ ብረት፣
በኔ ገንዘብ የተሠራ፣ በኔ ትእዛዝ የከበደ፤
አምና፣ ጎርፍ በበላው ዳገት ላይ፣
ጥላዋ ከኛ ቀድሞ ወደ ገደሉ ሄደ፤
እኛም ተከተልን።
ጅሎ እስከ ዛሬም ከመቀመጫው ሲነሳ
ጉልበቱን በሁለት እጁ ነው የሚያነሳ።

«ሆዷን ብረት አርገው» አልኩት፤ «ክብደት ከታች ልክ ነው።
ራሷን ግን አቅልልልኝ፤ የላዩ ነው የሚገለብጠው።»

ቱፋ ምልክቱን አንስቶ፣ ለክቶ፣ በጠመኔ አሰመረ፤
ለጣሪያዋ ወለል ልክ ሆነ፣ ስንዝር ብቻ ቀረ።
«ፊደሉስ?» አለኝ፤ «ወደ ላይ ነው ወደ ታች?»

መልስ አልነበረኝም።
ጅሎ ነው የመለሰ፣ ከጎማው ክምር ላይ፣
ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ፦
«ወደ ላይ አድርገው።
ድንገት ብንገለበጥ
ድንጋዩ ያንብበው።»

ቱፋ ሳቀ።
እኔ የጅሎን ጉልበት አየሁ።