አርባ ወንበር

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ታርቱ በረዶ ስትለብስ፣
አርባ ወንበር እዘረጋለሁ፣ እንግዳ እስኪደርስ።
መግቢያው በነፃ ነው፤ ግን ሰው መች ይመጣል፤
ዐሥር ከሞላልን ዲኑ ይደነቃል።
አንዱ ለማሞቂያው፣ አንዷ ለብስኩቱ፣
ኤንዴል ደግሞ ለእንቅልፍ፣ ኮፍያው በጉልበቱ።

ኮሪደሩ ላይ ያኔ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፦
የፔይፕሲ ሐይቅ ግግር፣ መስታወት መሳይ ምድር፤
ስንጥቁ በነጩ ላይ እንደ ሥር ሲበተን፤
«ቁጥር ሰባት» ይላል፤ ቦታ የለው፣ ቀን።

ዶክተር ሊቪካ መጣች፣ ቀይ ጨረር ጨብጣ፣
ውፍረቱን በሴንቲ፣ ግፊቱን በቀመር ገልጣ፤
ቁጥር ሰባት ጋ ስትደርስ ጨረሯን አቆመች፤
«ሰው እንጂ መኪና አይችልም፤ ገባችሁ?» አለች።

ኤንዴል ነቃ።
ኮፍያው ከጉልበቱ ወድቆ፣
«እኔስ አልገባኝም» አለ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፤
«ወንድሜ ነው የገባው፤ በየካቲት፣ ከነመኪናው።
መብራቱ ከበረዶው ሥር በርቶ ነበር፤
ቆይቶ ነው የጠፋው።»

ማሞቂያው ብቻ ቀጭ ቀጭ አለ።
ዶክተሯ ጨረሯን አጥፍታ ከመድረክ ወረደች፤
ባዶ ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች።
«ድምፁስ?» አለችው፣ «ከመሰንጠቁ በፊት?»
አሰበ።
ከንፈሩን አሹሎ አፏጨላት፦
ቀጭን፣ ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ታች የሚወርድ።
«አንዴ ድገምልኝ» አለች፤ እርሳሷ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

ሰዓቱ አልፏል። መዝጋት ነበረብኝ።
ቁልፉን በኪሴ ጨብጬ በሩ ላይ ቆምኩ።
እነሱ ሲወጡ መብራቱን አጠፋሁ፤
ወንበሮቹን ግን ሳላጥፍ ሄድኩ፤
አርባውንም።