በላጲስ የጠፋው መንገድ

ካርታዪቱን ሰጠኝ፣ አጣጥፎ በአራት፤
«ተመልሳ ትምጣ፤ ዝናብ እንዳይነካት።»
ፊርማን ብስክሌት ጠጋኝ፣ ከብሬንግ ድልድይ ጥግ፣
በሰባ አራት ዓመቱ ዳገት የሚፈልግ፣
ቃል ቆጥቦ አዳሪ፣ ዘይት የጠጣ እጁ፣
እንኳንስ ለእንግዳ የማይሰጣት ለልጁ።
ለእኔ ግን ዘረጋት፤ ምክንያቱ ቀላል፤
ፍሬን ይዤ ስወርድ አይቶኝ ኖሯል መሰል።
«ፍሬን የያዘ ያያል» አለና ዝም አለ ደግሞ፣
የተነፈሰ ጎማ ጭኑ ላይ አጋድሞ።

ቀዩ መስመር የመኪና፣ ቢጫው የጭነት፣
ነጩ የበግ፣ የትራክተር፣ የብቸኛ ብስክሌት፤
በነጩ ዳር ዳር በእርሳስ፣ በጥቃቅን ፊደል፣
‹እዚህ ውሻ አለ፤ ጮሆ ጮሆ ይልሳል።›
‹የዚህ ምንጭ ውሃ ነሐሴ ላይ ይነጥፋል።›
‹ይህ ዳገት ውሸታም ነው፤ አለቀ ሲሉት ይቀጥላል።›
‹እዚህ ጋ ማርሽ ቀይር፣ ጉልበትህ ሳይወቅስ፤
ከኩርባው ኋላ ይጠብቅሃል ነፋስ።›

ከሴሌና ከሎት፣ ከሁለቱ ወንዝ መሃል፣
አንድ ቦታ ግን ነጥቷል፤ ወረቀቱ ሳስቷል፤
ላጲስ የፋቀው ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል።
«ማን ፋቀው?» ብለው ጎማውን ውሃ ውስጥ ነከረ፣
መልስ በመስጠት ፈንታ አረፋ ቆጠረ።

ማለዳ ወጣሁ። ጉሙ ሸለቆውን ሞልቶ፣
ወንዙ ከሥር ይሄዳል፣ ድምፁን ብቻ ትቶ።
መንገዱ ደቀ መዝሙር፣ ወንዙ መምህሩ፣
ሲታጠፍ ይታጠፋል፣ እግር በእግሩ።
በስተግራ ገደል፣ እርጎ የመሰለ፣
በስተቀኝ ሸንበቆ፣ ጤዛ ያዘለ፤
አንዲት ሴት መስኮት ከፍታ አልጋ ልብስ አራገፈች፤
«ቦንዡር» ሳልላት በፊት «ወዮልህ ዳገቱ!» አለች።

ዳገቱ ጀመረኝ፣ እንደ ወባ፣ ከጉልበቴ፣
ወጣ ወደ ወገቤ፣ ወጣ ወደ አንገቴ፤
ማርሽ አለቀብኝ።
ካቴናዬ እንደ መቁጠሪያ ጥርሷን ትቆጥራለች፣
«አንድ ዙር፣ ሌላ ዙር፣ አሁንም አንድ» ትላለች።
ሁለቴ «አለቀ» አልሁ፤ ሁለቴ ዋሸኝ።
በሦስተኛው ዝም አልሁ፤ ያኔ ጨረሰኝ።
ከላይ በጎች ጠበቁኝ፣ ዓይናቸውን የተኳሉ፣
ሠርግ እንደ ተጠሩ ሁሉ፣ በካቡ ላይ አንገት ሰደው ያያሉ።

እዚህ ላይ ካርታዪቱ ነጣች።

የጠበቅሁት ፏፏቴ፣ ግንብ፣ አንድ የሆነ ተአምር፤
ያገኘሁት መሃሉ ሣር ያበቀለ አስፋልት፣ አንድ የገውዝ ዛፍ፣ አንድ የብረት ወንበር፤
ያውም እግሩ የዛገ፣ ካብ ተደግፎ፣
ማን እንዳመጣው እንጃ፣ ስንቱን ኩርባ አልፎ።
ተቀመጥሁ።
መኪና የለም። ንብ ነበረች፤ ሄደች።
በግራ ጆሮዬ ሴሌ፣ በቀኝ ጆሮዬ ሎት፣
ሁለት ወንዝ ሰማሁ፣ ከሁለቱም በእኩል ርቀት፤
ወይም የገዛ ደሜ ነው፣ ሲወርድ ከዳገት።
አትጠይቁኝ ቁጥሩን፤ እርሳስ ያዙ፣ ዙሩ፤
ላጲስም ጨምሩ።

ቁልቁለቱን ወረድሁት፣ ጣቴ ከፍሬን ሳይርቅ፤
ውሻውም ጮሆ ጮሆ ላሰኝ፤ የእርሳሱ ቃል ሐቅ።

ማታ ስመለስ ከበሩ ቆሞ አገኘሁት፤
«አየህ?» አለኝ። «ምኑን?» አልሁት።
ሳቀ። በሦስት ሳምንት ያየሁት አንድ ሳቅ ያ ነበር፤
ካርታዪቱን ዘረጋ ወደ አምፑሉ፣ ሊመረምር፤
ዝናብ አልነካትም፤ ላቤ ግን፣ አንድ ጠብታ፣
ከተፋቀው ላይ ወድቆ፣ ቀዶታል በእርጋታ፤
አሁን ትንሽ ጣት ያስገባል፣ የሕፃን ጣት ለጨዋታ።
«መልካም» አለ፤ «ፋቂው ሁለት ሆነ ማለት ነው።»
ያቺው ጎማ ነበረች አሁንም ከጭኑ ያለችው፤
የሷን ቀዳዳ ደፈነ፤ የካርታዪቱን ተወው።