የበሩ ዕዳ

ይህን የብረት በር የበየድኩት እኔ ነኝ፣
ኮምቦልቻ፣ ስታዲየሙ፣ በሰሜኑ በኩል፤ ማንም አያውቀኝ።
ከላይኛው ማጠፊያ ሥር፣ ቀለሙ በሸሸበት፣
የእጄ ምልክት አለ፣ ብረቱ እንደ እንባ ነጥቦ የረጋበት።
“ወደ ውጭ ይከፈት” ይላል ወረቀቱ፣
“ውስጥ ያለው ሕዝብ ቢደነግጥ፣ እንዲፈስ በወቅቱ።”
ልክ ነው። ፈረምኩ። ሠራሁት።
የውጭውን ሕዝብ ግን ማንም አልጠየቀኝ፣ እኔም አላሰብኩት።

እሁድ። ደሴ ከኮምቦልቻ።
ሐረጎን ቁልቁል ኢሱዙው፣ ባጃጁ፣ የሰው ጎርፍ ብቻ።
ሰባት ሰዓት ይከፈታል የተባለው በር
ስምንት ተኩል ሆኖት ዝም እንዳለ ነበር።
ሦስት በር አለን፤ አንዱ ከሩቅ ተቆልፏል፣
ቁልፉ ከአቶ ጥበቡ ኪስ፤ አቶ ጥበቡ ለቅሶ ቤት አድሯል።
ሌላውን “የክብር እንግዳ መግቢያ ነው፣ አይነካም” አሉ፤
እንግዳው የለም፤ ድንኳኑና ወንበሮቹ ግን አሉ።

ነጅማ ትከሻዬ ላይ ናት፣ ሰባት ዓመቷ፤
ሰማያዊ ጥብጣብ አስራላታለች እናቷ።
“አባ፣ ከኋላ ሰው ይመጣል።”
“ብዙ?”
“የፊቶቹ አይሄዱም፤ የኋላዎቹ ግን በዙ።”

ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ጎል መሰለን።
(ተጫዋቾቹ ሊያሟሙቁ ሲወጡ ነው፤ ኋላ ነገሩን።)
ያኔ ነው የኋላው ሰው ደረቱን የጫነብን።
ግፊያ ባለቤት የለውም፤ ማንም “ገፋሁ” አይልም፤
ሁሉም ተገፍቶ ነው፤ ገፊው ግን የትም የለም።
እግሬ መሬት ለቀቀ። ክርኔ የራሴ አልነበረም።

አጠገቤ ሸህ ይማም፣ ኮፊያቸው ወድቆ፣
“አብሽር” ይሉኛል እኔን፣ ከንፈራቸው ደርቆ።
የኛ አገር ሰው እንዲህ ነው፤ የሚሰምጠው ነው የሚሰምጠውን የሚያጽናናው።
ጉግሳ፣ ዘበኛው፣ ከውስጥ ቁልፉን ከፈተው፤
ቁልፉን እንጂ በሩን አይደለም! ወደ እኛ ነው የሚከፈተው፣
እኛ ደግሞ በሩ ላይ ነን፤ ደረታችን ነው የዘጋው።

“አንድ እርምጃ ወደ ኋላ!”
አንድ እርምጃ። ጫማ የማይሞላ መሬት።
የፊቱ ሰምቷል፣ አይችልም። የኋላው ይችላል፣ አልሰማም።
የመሃሉ ሊናገር ቀርቶ አይተነፍስም።
እጄን ማጠፊያው ላይ አኖርኩ፤ የገዛ ብየዳዬን ዳበስኩት፤
በዕድሜዬ አንዴ፣ ምነው ሥራዬ በከፋ ብዬ ተመኘሁት።

ከኋላ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ፣ ዘምዘም ሳምቡሳ ትሸጣለች፤
ምስር ያለው፣ ቃሪያ የበዛበት፣ በመስታወት ሣጥን ደርድራለች።
ምን እንዳየች አላውቅም። የነጅማ ጥብጣብ ሲሰምጥ ይሆናል፣
ወይ የሴት ጩኸት ሰምታ፤ የእናት ጆሮ ይለያል።
የለስላሳ ሣጥን ገልብጣ ወጣችበት፣
“በነጻ ነው! ሳምቡሳ በነጻ! ሰደቃ ነው!” አለችበት።

ፖሊስ ያልመለሰው፣ ፊሽካ ያልመለሰው፣
ዞረ። ደሴም ዞረ፣ ኮምቦልቻም ዞረ፤ ሆድ አለው ሰው።
አንዱ ዞረ፣ አሥሩ ዞሩ፣ የኋላው ሳሳ፣
ከጀርባዬ አየር ገባ፤ የወደቀው ደረቴ ተነሣ።
በሩ አንድ ስንዝር፣ ከዚያ ሁለት፣ እያቃሰተ መጣ።
ሸህ ይማም ኮፊያቸውን ሳያነሱ ገቡ፤
የነጅማ አንድ ጫማ ጠፋ፣ ሌላው ግን ከእግሯ አልወጣ።

ማን እንዳሸነፈ አትጠይቁኝ። አላየሁም።
ማታ በሬዲዮ ጸጥታ አስከባሪው ተመሰገነ፤ የዘምዘም ስም አልተነሣም።

በማግስቱ ልክፈል ብዬ ሄድኩ። በጣቷ ቆጠረች፦
“መቶ አርባ ሁለት። ማን እንደበላ አላውቅም፤ አንተ ግን አልበላህም” አለች።
“ሰደቃ አላልሽም?”
“አልኩ። ሰደቃው ዘይቱ ነው፤
ዱቄቱ የሰው ነው።”
“ታዲያ ከማን ትቀበያለሽ?”
“ከበሩ።”

ጠመኔዬን አወጣሁ፣ ብረት የማሰምርበትን፤
ከማጠፊያው ሥር፣ ከምልክቴ ጎን፣ ጻፍኩ ሒሳቡን፦
መቶ አርባ ሁለት ሳምቡሳ።
ጉግሳ ሊያጠፋው መጣ፤ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው፤
ጨርቁን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በሚመጣው እሁድም በሩ ሰባት ሰዓት ይከፈታል ተብሏል።